ሻንሲውን አትንኩት፦ የድሮ ፒክአፕ ጋቢና በአዲስ ሻንሲ ላይ ስለመግጠም

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ የጋራዥ እብደት ነው። የድሮ ፒክአፕ ጋቢና ይነሳና በአዲስ ፒክአፕ ሻንሲ ላይ ይቀመጣል። ከውጭ ያየው ሰው የ1950ዎቹን ወይም የ1960ዎቹን መኪና ያያል። ሥሩ ግን ሌላ ነው። ዲስክ ፍሬን አለው። ሞተሩን ኮምፒውተር ይመራዋል። ፈጠን ሲባልም መሪው እጅ ላይ አይዋልልም።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። ምሳሌዎቼም በአብዛኛው የአሜሪካ ፒክአፖች ናቸው። ይህ ሥራ በብዛት የሚሠራው በእነሱ ላይ ስለሆነ ልካቸው የታወቀ ነው። አሠራሩ ግን ለሌላውም ያው ነው።

ለምን ፒክአፕ? የዛሬ የቤት አውቶሞቢል ቦዲውና ሻንሲው አንድ ወጥ ነው። ቦዲውን ላንሳ ብትሉ የሚቀር ሻንሲ የለም። ፒክአፕ እንዲህ አይደለም። ከሥር የመሰላል ቅርጽ ያለው ሻንሲ አለ። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ፣ ባሌስትራው ሁሉ የታሰረው እዚያ ላይ ነው። ጋቢናው ደግሞ ለብቻው በጥቂት ብሎኖችና በጎሚኒዎች ላይ ተቀምጧል። የዕቃ መጫኛውም እንደዚሁ ለብቻው ነው። ብሎኑ ከተፈታ፣ ሽቦና ቱቦው ከተላቀቀ፣ ጋቢናው ብድግ ይላል። ነገሩን ሁሉ የሚቻል ያደረገው ይህ ነው። ቀላል የሚያስመስለውም ይኸው ነው።

የድሮ ፒክአፕ ነድቶ የማያውቅ ሰው "ለምን እንዳለ አይነዳም?" ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እስቲ የሚጎድለውን እንይ። ሸቭሮሌ ሲ10 ላይ የፊት ዲስክ ፍሬን ስታንዳርድ ሆኖ የመጣው በ1971 ነው። ከዚያ በፊት አራቱም ጎማ ላይ ያለው ታምቡር ፍሬን ነበር። ታምቡር ሲሞቅ መያዙን ይቀንሳል፤ ረጅም ቁልቁለት የወረደ ያውቀዋል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት በነበሩት ደግሞ የፍሬን ዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ነው። አንድ ቱቦ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ላይ ፍሬን የለም። የመሪው ዘንግ አንድ ወጥ ብረት ነው፤ በግጭት ጊዜ አይታጠፍም፤ አቅጣጫው ወደ ሾፌሩ ደረት ነው። እስከ 1972 ድረስ በተሠሩ ብዙ የሸቭሮሌ ፒክአፖች የነዳጁ ታንክ የት ነው ያለው? ጋቢናው ውስጥ፣ ከመቀመጫው ጀርባ። ከወገባችሁ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ቤንዚን እየተንቦጫረቀ ትነዳላችሁ።

ይህን ለማስተካከል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የድሮውን ሻንሲ ይዞ አካሉን አንድ በአንድ መቀየር ነው። የፊት እግሩን ከአንዱ፣ መሪውን ከሌላው፣ ሞተሩን ከሦስተኛው። ሁለተኛው የዛሬው ርዕሳችን ነው፦ ሻንሲውን ከነሙሉ አካሉ ከአንድ አዲስ መኪና መውሰድ። ሁለተኛው የሚሻለው በአንድ ምክንያት ነው። ያንን ምክንያት የረሳ ሰው ግን ከመጀመሪያው መንገድ የባሰ መኪና ይሠራል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አዲሱ ሻንሲ ዝም ብሎ ብረት አይደለም። የፊት ጎማዎቹ ሲታጠፉ የሚይዙት ማዕዘን፣ ጉድጓድ ሲገቡ መሪው ወደ ጎን እንዳይጎትት፣ ፍሬኑ ለፊትና ለኋላ የሚከፋፈለው ኃይል፣ ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ከጎማው የሚያነበው መረጃ፣ ሁሉም አንድ ላይ ታስቦ፣ ተፈትኖ የተሠራ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ከ1999 ጀምሮ ባወጣቸው ትልልቅ ፒክአፖች የሻንሲው የፊት ክፍል በሃይድሮሊክ ግፊት ቅርጽ የያዘ የታሸገ ብረት ነው። በየቦታው ውፍረቱና ቅርጹ የተለያየው ያለ ነገር አይደለም። አዲስ ሻንሲ የምትገዙት ይህን ሁሉ ልፋት ተዘጋጅቶ ለማግኘት ነው። ከዚያ ወስዳችሁ "እዚህ ጋ ትንሽ ልቁረጥ፣ እዚያ ጋ ትንሽ ላጥብብ" ካላችሁ፣ የከፈላችሁበትን ነገር በግራይንደር አነሳችሁት ማለት ነው።

ስለዚህ ሙሉ ንግግሬ ያለው በርዕሱ ነው፦ ሻንሲውን አትንኩት። የቤቱ ባለቤት እሱ ነው። ጋቢናው እንግዳ ነው፤ በቤቱ ሥርዓት ይገባል። መቆረጥ ያለበት ካለ ጋቢናው ይቆረጥ። ወለሉ ይነሳ፣ መሀሉ ከፍ ይበል፣ የሞተር ክፍሉ ግድግዳ ይግፋ። የጋቢና ላሜራ ስስ ነው። ደህና ባቲላሜራ የቆረጠውን መልሶ ይሠራዋል። የተቆረጠ ሻንሲን ግን እንደ ፋብሪካው አድርጎ የሚመልስ ጋራዥ እስካሁን አላየሁም።

ከዚህ ተነስተን ወደ ምርጫው እንሂድ። ሥራው ቀላል ወይም መከራ የሚሆነው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ነገር ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል ያለው ርቀት ነው። ከ1967 እስከ 1972 የተሠራው አጭሩ ሲ10 ርቀቱ 115 ኢንች ነው። ረጅሙ 127። አሁን የሸቭሮሌን ታሆ አስቡ። ታሆ ፒክአፕ አይደለም፤ ነገር ግን የተሠራው በዚያው በፒክአፑ ዓይነት ሻንሲ ላይ ነው። ከ2000 እስከ 2006 ያለው ታሆ 116 ኢንች ነው። ልዩነቱ አንድ ኢንች፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል። ሰዎች የታሆን ሻንሲ ለሲ10 የሚያሳድዱት ለዚህ ነው። አንዲት ኢንች በዕቃ መጫኛው በኩል ትጠፋለች፤ ማንም አያያትም።

ሌላ ጥንድ ልጥቀስ። ከ1947 እስከ 1955 መጀመሪያ የተሠራው ክብ ፊት ሸቭሮሌ 3100 ርቀቱ 116 ኢንች ነው። ትንሹ የሸቭሮሌ ኤስ10 ፒክአፕ ባለ አንድ ጋቢናው ረጅሙ 118 ኢንች ገደማ ነው፤ አጭሩ 108 ገደማ። ስለዚህ ረጅሙን ኤስ10 የያዘ ሰው ሁለት ኢንች ብቻ ነው የሚያስበው። አጭሩን የገዛ ግን ስምንት ኢንች መቀጠል ሊኖርበት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤስ10 ቀላል መኪና ነው። ሻንሲው፣ ፍሬኑ፣ ዲፈረንሻሉ የተሠሩት ለቀላል ጭነት ነው። በላዩ ትልቅ ሞተርና የድሮውን ወፍራም ላሜራ ጭናችሁ፣ ከኋላ ደግሞ ተጎታች ልታስሩ ካሰባችሁ፣ ይቅርባችሁ። ለሽርሽር ከሆነ ይበቃል።

የፎርድ ወዳጆች ደግሞ ክራውን ቪክቶሪያን ይወዳሉ። አውቶሞቢል ሆኖ ለብቻው ሻንሲ ካላቸው የመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። ርቀቱ 114.7 ኢንች ነው። ከ1948 እስከ 1952 ያለው ኤፍ1 114 ስለሆነ በወረቀት ላይ ልክክ ይላል። ከ1953 እስከ 1956 ያለው ኤፍ100 ግን 110 ነው። በወረቀት ላይ አልኩ። ምክንያቱም ርዝመት ብቻውን አይበቃም። የክራውን ቪክቶሪያ ሻንሲ ጋቢናው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ የፒክአፕ ሻንሲ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የጋቢናው መቀመጫ ነጥቦችና የሻንሲው ብረት ጨርሶ አይገናኙም። ብዙ ሰው ከዚህ መኪና ሙሉውን ሻንሲ ትቶ የፊት እግሩን ብቻ የሚወስደው በዚህ የተነሳ ነው። ከ2003 ወዲህ ያለው የፊት እግር ከነአሉሚኒየም ተሸካሚው በብሎን ተፈትቶ አንድ ላይ ይወጣል።

ከርዝመት ቀጥሎ ስፋት። አዲሶቹ ፒክአፖች ወደ ጎን ሰፍተዋል። የድሮው ፓራፋንጎ፣ ማለትም የጎማው መሸፈኛ ላሜራ፣ ጠባብ ነው። ሻንሲውን አስገብታችሁ ስታዩ ጎማው ከፓራፋንጎው ወጥቶ ይቆማል። ይህን በቸርኬ ምርጫ ማስተካከል ይቻላል፤ ጎማውን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቸርኬ አለ። መጠን አለው ግን። አብዝታችሁ ካስገባችሁ መሪ ስታዞሩ ጎማው የውስጡን ክንድ ይነካል።

ጥንዱ ተመረጠ እንበል። አሁን ሻንሲ ሰጪው መኪና ይገዛል። እኔ አንድ ቃል ብቻ አለኝ፦ የሚሄድ መኪና ግዙ። ቦዲው የተጋጨ፣ ጣሪያው የተጨማደደ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋውም በዚያ ይረክሳል። ሻንሲው ግን ያልጣመመ መሆኑን በሰያፍ ለክታችሁ አረጋግጡ። ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ዞሯል። ከዚያ ሳትፈቱት ንዱት። ካምቢዮው ይቀይራል? የኤቢኤስ መብራት በርቷል? ኮምፒውተሩ የመዘገበው ብልሽት አለ? ከተበታተነ በኋላ አንድ ነገር አልሠራ ሲል፣ ድሮም የተበላሸ ይሁን እናንተ ያበላሻችሁት የምታውቁበት ሌላ መንገድ የለም። "ስፈታው እያየሁ አስተካክለዋለሁ" የሚል ሰው ብዙ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

መፍታቱን በፍጥነት ልለፈው። አንድ ነገር ብቻ፦ ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ። አዲሱ መኪና በጎማው ቆሞ፣ ነዳጅና ሙሉ ክብደቱ ላይ እያለ፣ ሻንሲው ከመሬት ያለውን ከፍታ በአራት ቦታ ጻፉ። የመሪው ዘንግ የሚገባበትን ማዕዘን ጻፉ። ከሞተሩ ጀርባ እስከ ጋቢናው ግድግዳ ያለውን ክፍተት ጻፉ። ፎቶ አንሱ። አንድ ጊዜ ከተነሳ በኋላ እነዚህ ቁጥሮች ከየትም አይመጡም።

የድሮው ጋቢና ከመነሳቱ በፊት ደግሞ ይታሰራል። ይህን ቀረብ ብለን እንየው። ጋቢና ጥንካሬውን የሚያገኘው ከወለሉና ከበሩ ሥር ካለው ብረት ነው። የድሮ መኪና ከሆነ ሁለቱም ዝገት የበላቸው ናቸው። ወለሉን ቆርጣችሁ ስታወጡት ሁለቱ የበር ምሰሶዎች ነፃ ይሆናሉ፤ ቀስ ብለው ይከፈታሉ ወይም ይጠባሉ። በዓይን አይታይም። አዲሱን ወለል በይዳችሁ በሩን ስትገጥሙት ግን ከላይ ሦስት ሚሊ ሜትር፣ ከታች ዘጠኝ ይሆናል። ያኔ በማጠፊያው ብትታገሉ ምንም አታመጡም። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት አራት ማዕዘን ቱቦ ወስዳችሁ ከፊተኛው ምሰሶ ወደ ኋለኛው፣ ከግራ በር ወደ ቀኝ በር፣ በመሀሉም ሰያፍ አድርጋችሁ በይዱት። በሩ ተዘግቶ፣ ዙሪያው እኩል መሆኑ ታይቶ ነው የሚበየደው። በር ክፍት ሆኖ ማሰር ጥፋቱን ማሰር ነው። ቱቦዎቹ ወለሉ አልቆ፣ ጋቢናው በአዲሱ ሻንሲ ላይ በብሎን እስኪያዝ ድረስ አይነኩም።

አሁን ማስቀመጥ። ሻንሲው ቀድሞ በጻፋችሁት ከፍታ ልክ በመደገፊያ እግር ላይ ይቆማል፤ በውሃ ልክ ይታያል። መሬቱ ዘንበል ካለ ልኩ ሁሉ ዘንበል ይላል። ከዚያ ጋቢናው ይወርዳል። የመጀመሪያው ጥያቄ "ወደ ፊትና ወደ ኋላ የቱ ጋ?" ነው። ሰዎች ከሞተሩ ይጀምራሉ። እኔ ከጎማው እጀምራለሁ። የፊት ጎማው በፓራፋንጎው ቀዳዳ መሀል መሆን አለበት፤ መኪናው ደህና ወይም ቅጥ ያጣ የሚመስለው በዚህ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሳተ መንገደኛው ምን እንደሆነ ሳያውቅ "አንድ ነገር ይጎድለዋል" ይላል። ስለዚህ ጋቢናው ከነፓራፋንጎው ይቀመጣል፤ ከፓራፋንጎው ቀዳዳ መሀል ቱንቢ ይጣላል፤ ቱንቢው የጎማው መሀል ላይ እስኪያርፍ ድረስ ጋቢናው ይገፋል። ሞተሩ የጋቢናውን ግድግዳ ከነካ ግድግዳው ይቆረጥና ወደ ውስጥ ይገፋል። ካምቢዮው ወለሉን ከነካ ወለሉ ይነሳል። አዲሶቹ ሞተሮች ጀርባቸው ከመስታወቱ ሥር ስለሚገባ ይህ ብዙ ጊዜ አይቀርም።

ከፍታውም አለ። ጋቢናውን በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት መኪናው ያምራል፤ ነገር ግን የእግር ቦታ ይጠፋል፤ ኮፈኑም በሞተሩ ላይ አይዘጋም። እዚህ ላይ ፎቶ የሚወድ ሰውና የሚነዳ ሰው ይለያያሉ። እኔ ከሚነዳው ጋር ነኝ።

ቦታው ሲታወቅ ጋቢናውን የሚሸከሙት እግሮች ይሠራሉ። ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው፣ የድሮውን ጋቢና የራሱን የብሎን ቦታዎች ይዞ ከሻንሲው ጎን አዲስ ክንድ ማውጣት ነው። ጋቢናው የተሠራው በነዚያ ነጥቦች ላይ እንዲሸከም ስለሆነ ነጥቦቹን አትቀይሩ። ክንዱ ሲታሰር ከተቻለ ሻንሲው ላይ ባሉት የፋብሪካ ቀዳዳዎች በብሎን ይታሰር። አዲስ ቀዳዳ ካስፈለገ በቆመው ጎን መሀል ላይ ይሁን። የላይና የታችኛው ጠርዝ ላይ መብሳትም መበየድም ክልክል ነው፤ ሻንሲው ሲታጠፍ ትልቁን ጫና የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ስንጥቅ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ የአዲሱን ጋቢና ወለል ወስዶ በድሮው ጋቢና ውስጥ መበየድ ነው። ከባድ ነው። ግን ደህና ባቲላሜራ ካላችሁ የእኔ ምርጫ ይኸኛው ነው። ለምን ቢባል፣ ወለሉ ከነብሎን ቦታው ነው የሚመጣው፤ ሻንሲው ላይ አንድም ነገር ሳይነካ ቁጭ ይላል። የፔዳሎቹ ቦታ፣ የካምቢዮው ጉብታ፣ የመቀመጫና የደህንነት ቀበቶ ማሰሪያውም አብረው ይመጣሉ። እነዚያን ለየብቻ መሥራት ከብየዳው የበለጠ ጊዜ ይበላል።

ስለ ጎሚኒው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ትንሽ ነገር ስለሚመስል ብዙ ሰው ይንቀዋል። ጋቢናውን የሚሸከመው አንድ ነጥብ ከላይ ወደ ታች እንዲህ ነው፦ የጋቢናው ወለል፣ ከሥሩ ወፍራም ጎሚኒ፣ ከሥሩ የሻንሲው ክንድ፣ ከሥሩ ሁለተኛ ቀጭን ጎሚኒ፣ መጨረሻ ላይ ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ። በሁለቱ ጎሚኒዎች መሀል አጭር የብረት ቱቦ ያልፋል። ብሎኑ ሲጠብቅ የሚይዘው ያንን ቱቦ ነው። ጎሚኒው በቱቦው ርዝመት ልክ ተጨምቆ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ አይጨመቅም። ቱቦውን የጣለ ሰው ብሎኑን ባጠበቀ ቁጥር ጎሚኒው እየተጨፈለቀ ይሄዳል። ማጥበቁ ማለቂያ የለውም። ጠበቀ የተባለውም ጎሚኒው ሲሟሽሽ ይላላል። ጋቢናው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሰውየውም ጥፋቱን ሾክ አብዞርበር ላይ ይፈልጋል።

መሪው ደግሞ እንዲህ ነው። የድሮውን ዘንግ ለመልኩ ሲሉ የሚያስቀሩ አሉ። እኔ አልስማማም። የአዲሱን መኪና የሚታጠፍ ዘንግ አምጡ፤ ወይም ቢያንስ ከጋቢናው እስከ መሪው ሳጥን ያለውን ክፍል በክሮቸራ (በተጣጣፊ መገጣጠሚያ) የሚታጠፍ አድርጉት። ሁለት ክሮቸራ ካለ ሹካዎቻቸው ሥርዓት ይዘው መገጠም አለባቸው፤ አለበለዚያ መሪው ሲዞር አንዴ ይከብዳል አንዴ ይቀላል። ሦስት ክሮቸራ ካለ በመሀሉ ዘንጉን የሚደግፍ ኩሽኔታ ግዴታ ነው። ማርሚታው ከዘንጉ አጠገብ እንዳያልፍም ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ ሽቦው። ብረቱ አልቆ ጋቢናው ቁጭ ሲል ሰው ሁሉ ሥራው አለቀ ይላል። ገና ግማሽ ነው። አዲሱ መኪና ውስጥ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ይነጋገራሉ። የሞተሩ አለ፣ የካምቢዮው አለ፣ የኤቢኤሱ አለ፣ የበርና የመብራቱ አለ። ከነዚህ አንዱን "ይህ የመስኮት ኮምፒውተር ምን ያደርግልኛል" ብላችሁ ስትጥሉት ሌላው ይኮርፋል። ጥሩ ምሳሌው የሌባ መከላከያው ነው። በብዙ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች የቁልፍ ማስገቢያው፣ የቦዲው ኮምፒውተርና የሞተሩ ኮምፒውተር ይተዋወቃሉ። አንዱ ከጠፋ ሞተሩ ይነሳል፤ ወዲያው ይጠፋል። ነዳጅ አልደረሰም ብሎ ፓምፕ የሚቀይር ሰው አለ። ፓምፑ ምንም አልሆነም። መፍትሔው ሦስቱንም አንድ ላይ ማምጣት ነው፤ ካልሆነ መከላከያውን በፕሮግራም ከሞተሩ ኮምፒውተር ማስወገድ።

ሽቦውን አትቁረጡት። ሙሉውን ከነፊውዝ ሳጥኑ፣ ከነሶኬቱ አውጡትና ጫፍ ጫፉ ላይ በወረቀት ቴፕ ስሙን ጻፉ። የነዳጅ ፔዳሉ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራ ከሆነ ፔዳሉ ራሱ ከዚያው መኪና መምጣት አለበት። የድሮው መኪና የራሱ ሽቦ ግን ይጣል። ሸቭሮሌ ፒክአፕ ወደ 12 ቮልት የተሻገረው በ1955 ነው፤ ፎርድ በ1956። ከዚያ በፊት 6 ቮልት ነበር። ፎርዱ ላይ ደግሞ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ያንን ከዛሬ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ኮምፒውተሩን መግደል ነው።

አንድ የሽቦ ጉዳይ ሁሉንም ያታልላል። ጋቢናው በጎሚኒ ላይ ነው ብያለሁ። ጎሚኒ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው፣ ከሻንሲውም ወደ ጋቢናው ወፍራም የመሬት ገመድ መሄድ አለበት። ከሌለ ምልክቱ አስቂኝ ነው። ፍሬን ስትረግጡ የነዳጁ ጌጅ ይወርዳል። ፍሬቻ ስታበሩ የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ይጨፍራል። ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ይታይ።

የነዳጁ ታንክ ከጋቢናው ይውጣ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ድሮ ለካርቡሬተር የሚበቃው ግፊት ከግማሽ ባር በታች ነበር። የአዲሱ ኢንጀክሽን ሞተር 4 ባር ገደማ ይፈልጋል። የድሮው ቱቦና ማሰሪያ ይህን አይችልም። የሻንሲው የራሱ ታንክ ከነፓምፑ በቦታው ካለ እሱኑ ተጠቀሙ፤ መሙያውን ብቻ ነው የምትወስዱት።

ርዝመቱ ካልገጠመስ? መቁረጥ የግድ ከሆነ ከጋቢናው ጀርባ፣ ሻንሲው ቀጥ ብሎ በሚሄድበት ቦታ ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፤ በደረጃ ወይም በሰያፍ ይቆረጣል፤ ከውስጥ ደጋፊ ብረት ይገባል። በእሳት የጠነከረ ብረት የሆነ ሻንሲ ጨርሶ አይበየድም፤ ሙቀቱ ጥንካሬውን ያጠፋዋል። ይህ ለተመሰከረለት በያጅ የሚተው ሥራ ነው። ከዚያ ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግም በልኩ ይስተካከላል፤ ሚዛኑም በማሽን ይታያል። የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ ቱቦ፣ የኤቢኤስ ሽቦ ሁሉ ይነካካል። የተመሳሰለ ጥንድ ፈልጉ ያልኩት ይህን መዘዝ እያሰብኩ ነው።

ስለ ደህንነቱ ሐቁን እንናገር። ፍሬኑና መሪው አዲስ ስለሆነ መኪናው ከግጭት ቀድሞ ይቆማል። ከተጋጨ ግን ጋቢናው የድሮው ጋቢና ነው። የሚታጠፍ የፊት ክፍል፣ በበሩ ውስጥ ያለ ምሰሶ፣ ለዚያ ቦዲ ተለክቶ የተሠራ ኤርባግ የለውም። የአዲሱን ኤርባግ አምጥቶ መለጠፍ ደግሞ መፍትሔ አይደለም፤ መቼ እንደሚፈነዳ የተወሰነው ለሌላ ቦዲ ነው። ቀበቶ ግን ባለ ሦስት ነጥብ አስገቡ። ማሰሪያው ስሱ ላሜራ ላይ ብቻ አይሁን፤ ከጀርባው ወፍራም የብረት ሳህን ይግባ።

ወረቀቱን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው። ጋቢናው ላይ አንድ መለያ ቁጥር አለ፤ ሻንሲው ላይ ሌላ። ከ1981 ሞዴል ወዲህ በአሜሪካ ይህ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ የድሮው ከዚያ ያነሰ ነው። ታዲያ መኪናው የትኛው ነው? መልሱ እንደየአገሩ ይለያያል። እንግሊዝ ለብዙ ዓመታት በነጥብ ስትቆጥር ኖራለች። የድሮውን መታወቂያ ለማቆየት ቢያንስ 8 ነጥብ ያስፈልግ ነበር፤ ሻንሲው ብቻውን 5 ነበር፤ ሞተሩ 1። ከሌላ መኪና በመጣ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ጋቢና በዚያ ቆጠራ የድሮ መኪና ሆኖ አይቀጥልም ነበር፤ ተመርምሮ አዲስ ዓይነት ሰሌዳ ይሰጠው ነበር። በአሜሪካ ደግሞ የመለያ ቁጥርን መንቀል ወይም መቀየር የፌዴራል ወንጀል ነው። "የጋቢናዋን የቁጥር ሳህን ፈትቼ እዚህ ልለጥፋት" የሚል ቀልድ እስር ቤት ያደርሳል። ስለዚህ ግራይንደር ከማንሳታችሁ በፊት የሚመዘግበውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። የሁለቱንም መኪኖች የግዢ ሰነድ፣ የሥራውን ፎቶዎች፣ ቁጥሮቹ ያሉበትን ቦታ የሚያሳይ ምስል አስቀምጡ።

ቀረ የምንለው መንገድ ነው። መኪናው ሳይቀባ ይነዳ። ይህን አጥብቄ እላለሁ፤ ቀለም ተቀብቶ ያለቀ መኪና ላይ ብየዳ መመለስ የማይፈልግ ሰው ስንጥቁን እያየ ዝም ይላል። የድሮው ቦዲ ክብደቱ ከአዲሱ ስለሚለይ የፊት ሞላው ከለመደው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ የጎማው ማዕዘንም አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ አላይመንት የሚሠራው ዕቃ መጫኛው፣ ነዳጁ፣ መቀመጫው ሁሉ ከገባ በኋላ ነው። የጎማ መጠን ከተቀየረ ፍጥነት ቆጣሪው ይዋሻል፤ ካምቢዮውም በተሳሳተ ጊዜ ይቀይራል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ይስተካከል። መጀመሪያ ባዶ ቦታ ላይ በዝግታ፣ ፍሬኑን ደጋግሞ እየረገጡ። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ የጋቢናው ብሎኖች በሙሉ፣ የመሪው ክሮቸራዎች፣ የክንዶቹ ብሎኖች በቁልፍ እንደገና ይታያሉ፤ የብየዳው ጫፎች በመብራት ይፈተሻሉ። ደህና ከሆነ ይፈታል፣ ይቀባል፣ ተመልሶ ይገጠማል።

እዚህ ላይ ላቁም። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ስለ ሽቦው ከሆነ ግን ሰብሰብ ብለን እንነጋገር፤ የሁሉም ጥያቄ ተመሳሳይ ነው የሚሆነው።